እመቤትን ከቤት ለማውጣት

ስለ ራሴ ብዙ መናገር አልወድም። ይህን የሚያውቁኝ ሁሉ ይመሰክራሉ፤ የማያውቁኝም ይህን አንብበው ሲጨርሱ ይረዱታል። ነገሩ እንዲገባችሁ ግን ትንሽ መናገር ግድ ስለሆነብኝ፣ በሆሳዕና ከተማ ከእኔ የበለጠ በራሱ የተማረ ሰው እንደሌለ ተናግሬ ልለፍ።

ፊደል ያስተማረኝ ሰው የለም። በልጅነቴ የጎረቤታችን ልጅ መጽሐፉን ዘርግቶ ሲያጠና እኔ ከማዶ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ እሰማ ነበር። ስለዚህ ፊደልን የለመድኩት ተገልብጦ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን እንደ ጉድለት ይቆጥረው ይሆናል። እኔ ግን ወደዚህ አገር ወርጄ የኬላ ጸሐፊ ስሆን፣ ነጋዴው ወረቀቱን ወደ ራሱ አዙሮ ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋ፣ እሱ ገና «እንዲህ ይላል» ሳይል እኔ ከወዲህ ሆኜ አንብቤ፣ ፈርሜ፣ ቀለሙ እንዲደርቅ አሸዋ እነሰንስበት ነበር። ነጋዴዎች ጠንቋይ ነው ይሉኝ ነበር። አላስተባበልኩም።

ጥርስ መንቀልም የተማርኩት በራሴ ነው። የተማርኩባቸው ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ሲያዩኝ መንገድ ይለውጣሉ እንጂ።

እንግዲህ ከጥቂት ዓመታት በፊት በሚያዝያ «አርጅተሃል፣ አሁን ዕረፍ» ተብዬ ከኬላው ተሰናበትኩ። ብዕሬን ጠርጌ፣ ሣጥኔን ቆልፌ፣ ቤቴ ገባሁ። ገብቼ ቁጭ ስል፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ «ቆይ፣ ሥራ ቀለል ሲለኝ» ያልኳቸው ነገሮች ሁሉ ዙሪያዬን ከበው ያዩኛል። በሩ ሲከፈት በሁለት እጅ ተነሥቶ ወደ ጎን መቀመጥ አለበት። አልጋው ከአራቱ እግሮቹ አንዱ ድንጋይ ነው። ጣሪያው የሚያፈሰው ልክ እኔ በምተኛበት በኩል ብቻ ነው፤ ባለቤቴ ይህን የእግዚአብሔር ፍርድ ነው ትላለች። ከሁሉም በላይ ደግሞ እመቤት አለች።

እመቤት በቅሎዬ ናት። ስሟን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ አረማመዷን ያየ ሰው ሌላ ስም ሊያወጣላት አይችልም። አንገቷ ቀና፣ ጆሮዋ ንቁ፣ ሰውን ስታይ ከላይ ወደ ታች ነው። ጉድለቷ አንድ ብቻ ነው፤ የምታድረው ከእኛ ጋር ቤት ውስጥ ነው። በዚህ አገር ከብትና ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር ማደሩ ነውር የለበትም፤ ጎረቤቶቻችን ሁሉ ከላሞቻቸው ጋር በፍቅር ያድራሉ። ላም ግን ሰላማዊ ናት፤ ታመሰኳለች፣ ትተነፍሳለች፣ በቃ። እመቤት የባለቤቴን ነጠላ ሁለት ጊዜ በልታለች። ባለቤቴ ስትናገር ጆሮዋን ወደ ኋላ ታጥፋለች። ባለቤቴ ስትጸልይ ደግሞ ታዛጋለች። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ኖርን።

ባለቤቴ አስካለ ትባላለች። በተሰናበትኩ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ፊት ለፊቴ ቆመች።

«ጌታዬ፣ ለመስቀል እህቴ ከአዲስ አበባ ከነባሏ ትመጣለች።»

«እንኳን ደህና መጣች።»

«ገና አልመጣችም። ስትመጣ የምትተኛው እዚያ ነው» አለችና፣ እመቤት የቆመችበትን ግማሽ ቤት በጣቷ አሳየችኝ። «በዚህ ቤት ሁለት እመቤት አንሆንም። ለመስቀል ወይ እሷ ትወጣለች፣ ወይ እኔ እወጣለሁ። ወንድሜ ያለው ሞርሲቶ ነው፤ መንገዱን አውቀዋለሁ።»

አስካለ ስትቆጣ ድምፅዋ ዝቅ ይላል። የዚያን ቀን በጣም ዝቅ ከማለቱ የተነሣ የመጨረሻውን ቃል ከከንፈሯ ነው ያነበብኩት። ማንበብ እንደምችል ተናግሬያለሁ።

«ጋጣ እሠራለሁ» አልኳት።

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን።»

አስካለ በሩን በሁለት እጇ አንሥታ ወደ ጎን አስቀመጠችና ወጣች።

ብቻዬን ያልኩበት ምክንያት አለኝ። አሁን የምንኖርበት ቤት ሲሠራ እኔ ጥላ ዘርግቼ ቆሜ አዝዝ ነበር፤ የሠራው ሌላ ሰው ነው። በዚያ ዘመን የኬላ ጸሐፊ ካዘዘ ይሠራለታል። ከጀርባዬ ግን «ጸሐፊው ከብዕር ሌላ የሚያነሳ እጅ የለውም» ይሉ እንደነበር ሰምቻለሁ። ይህ ቃል ሃያ ሁለት ዓመት ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅሮ ኖሯል። አሁን ልውጠው ነው ብዬ ተነሣሁ።

የአጥር ጎረቤታችን ላምቦሬ በዚያው ቀን መጣ። ላምቦሬ የሌሞ ሰው ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ እድሜው ከኔ የማይርቅ። አማርኛው አጭር ነው፣ ነገሩ ግን ረጅም ነው። ተናግሮ ከሄደ በኋላ ማታ ትራስህ ላይ ሆነህ ነው የሚገባህ።

«ጌታው፣ ጋጣ ሊሠሩ ነው አሉ። ቀኑን ይንገሩን።»

«የምን ቀን?»

«የምንመጣበትን ነዋ።»

በዚህ አገር ቤት የሚሠራ ሰው ብቻውን አይሠራም። ቀን ይቆርጣል፣ ይጠራል፤ ጎረቤት ሁሉ ወይ ቋሚ፣ ወይ ሣር፣ ወይ ቃጫ ይዞ ይመጣል። በልቶ ጠጥቶ ሠርቶ ይሄዳል።

«አይ ላምቦሬ። ይህን ብቻዬን ነው የምሠራው።»

ላምቦሬ ትኩር ብሎ አየኝ። «አመመዎት?» አለ በኋላ።

«ደህና ነኝ።»

«እሺ ጌታው» አለና ሄደ። አካሄዱ የታመመ ሰው ጠይቆ የሚመለስ ሰው አካሄድ ነበር።

ግንቦት ሲገባ ሥራ ጀመርኩ። ጋጣው ክብ ይሆናል አልኩ። ክብ ለማስመር ሰው ሁሉ ገመድ ይዞ ጎንበስ ብሎ ይዞራል፤ እኔ ግን ወገቤን የማላስቀጣ ሰው ነኝ። መካከል ላይ ችካል ተከልኩ። ከችካሉ ወደ እመቤት አንገት ገመድ አሰርኩ። ገመዱን ወጥራ አንድ ጊዜ ትዙር፣ ኮቴዋ ባረፈበት አመድ እየበተንኩ እከተላለሁ፣ በቃ፤ ፍጹም ክብ። ይህን የመሰለ ዘዴ በመጽሐፍ ያነበበ ካለ ይምጣና ይሞግተኝ።

እመቤት አንድ ጊዜ ዞረች። ጥሩ ሥራ መሆኑን ስላየሁ ለማረጋገጥ ደግሜ አዞርኳት። ያላሰብኩት ነገር ገመዱ በየዙሩ ችካሉ ላይ እየተጠቀለለ ማጠሩን ነው። ጨርሼ ቀና ብዬ ሳየው አመዱ ክብ አልነበረም፤ ቀንድ አውጣ ነበር። የመስመሩ ጫፍ መነሻው ላይ በመግጠም ፈንታ በውስጥ በኩል አልፎት ሄዷል።

ሌላ ሰው አጥፍቶ እንደገና ይጀምር ነበር። እኔ ቁጭ ብዬ አሰብኩና፣ ሁለቱ ጫፎች የተላለፉበት ቦታ በር ሊሆን እንደሚችል ተረዳሁ። ነፋስ የማያስገባ፣ ዝናብ የማያስገባ፣ ከውጭ ያለ ሰው የማያየው በር። በሩ ራሱን በራሱ አገኘ ማለት ነው።

ከዚያ እንጨት። ጥድ ጥሩ ነው ስለተባለ ወደ ሌሞ ወርጄ አንድ የጥድ ቋሚ ትከሻዬ ላይ አድርጌ ተመለስኩ። ተመለስኩ ስል፣ ግማሽ መንገድ ድረስ ማለቴ ነው። ዳገቱ ላይ ቋሚው ወደ ኋላ ጎተተኝ፣ እኔ ወደ ፊት ጎተትኩት፤ በመጨረሻ ሁለታችንም ቦይ ውስጥ ገባን፣ እሱ ከላይ እኔ ከታች። ቅቤ ይዘው ወደ ገበያ የሚወጡ ሁለት ሴቶች አግኝተው አወጡኝ። አንዷ ቋሚውን ያዘች፣ አንዷ እኔን ደገፈች፤ ቋሚውን የያዘችው ቀድማ ከተማ ገባች።

«አባባ፣ ሰው የለዎትም?» አለችኝ የደገፈችኝ።

«ሞልቶኛል» አልኳት።

«ታዲያ ምነው?» አለች በእውነት አዝና።

ወገቤ አንድ ሳምንት አስተኛኝ። በዚያ ሳምንት ውስጥ ነው ትልቁ ሐሳብ የመጣልኝ። ከቤታችን በታች፣ ወንዙ ዳር፣ ወፍራም ወፍራም ዛፎች አሉ። እንጨታቸው ነጭ፣ ለስላሳ፣ እንደ ቡሽ የቀለለ። በመጥረቢያ ሁለት ጊዜ ብትመታው ይወድቅልሃል። ክንድ የሚያህለውን ቋሚ በብብቴ ይዤ መሮጥ እችላለሁ። እንዲህ ያለ እንጨት እጃቸው ላይ እያለ ጥድ ተሸክመው ወገባቸውን ለሚቆርጡ ሰዎች በእውነት አዘንኩላቸው። ሠላሳ ቋሚ በሦስት ቀን ቆርጬ አመጣሁ።

የዛፉ ስም ኮርች ነው። ያኔ ስሙን አላውቅም ነበር፤ ደግሞም ማወቅ አልነበረብኝም። ሃያ ሁለት ዓመት በኬላ ስቀመጥ ኮርች ጭኖ ያለፈ ነጋዴ የለም። ቀረጥ የማይከፈልበትን እንጨት ስም ማወቅ የኔ ሥራ አልነበረም።

የመጀመሪያዎቹን አምስት ቋሚዎች እንደተከልኩ ላምቦሬ በአጥሩ በላይ ብቅ አለ።

«ጌታው፣ አጥር ነው?»

«ጋጣ ነው።»

«ጋጣ።» እንጨቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ደመናውን አየ። «ይሄ እንጨት...»

«ላምቦሬ፣ ምክር አልጠየቅሁም።»

«እሺ ጌታው።»

«ቀላል ስለሆነ ነው አይደል የሚገርምህ?»

«አዎ፣ በጣም ቀላል ነው» አለና በትሕትና ጎንበስ ብሎ ሄደ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ከግቢው የመጥረቢያ ድምፅ ሰማሁ። ቀንቶ ነው አልኩ።

አስካለም ወጥታ አየች። ጥፍሯን ወደ አንዱ ቋሚ ሰደድ አደረገች።

«ጌታዬ፣ ይሄ...»

«አንድ ቃል እንዳትናገሪ። ሥራዬን በመጨረሻው እዪው።»

«እሺ» አለች። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ቃል «እሺ» ስላለችኝ ደስ አለኝ። ልጠረጥር ይገባኝ ነበር።

በሳምንቱ ጠዋት ከቤት ወጥቼ ሳይ፣ ሦስት የተከበሩ የአካባቢው ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው ደጄ ላይ ተቀምጠዋል። ላምቦሬ አጠገባቸው አለ፤ የሚያስተረጉምላቸው እሱ ነው። የመጡት ሥራዬን ሊያደንቁ መስሎኝ ጢሜን አስተካከልኩ።

ትልቁ ሽማግሌ ረጅም ነገር በሃዲይኛ ተናገሩ። ላምቦሬ አሳጠረው።

«ከማን ተጣሉ? ይላሉ።»

«እኔ? ከማንም።»

ተነጋገሩ።

«የደበቁት ነገር ካለ ይናገሩ፣ እናስታርቃለን ይላሉ። በዚህ አገር ብቻውን ቤት የሚሠራ ሰው ወይ ነፍስ ያጠፋ ነው፣ ወይ ጎረቤት ያገለለው ነው፣ ወይ...» ላምቦሬ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሦስተኛውን አልተረጉመውም።»

«ብቻዬን የምሠራው ጎበዝ ስለሆንኩ ነው በላቸው!»

ላምቦሬ ተረጎመ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። ነገሩ ካሰቡት የከፋ ሆኖ አግኝተውታል። እኔን ትተው ወደ አስካለ ሄዱ። ከእሷ ጋር ብዙ ጊዜ ቆዩ፤ ሳቅም ሰማሁ። ሲወጡ አንዳቸው ትከሻዬን ቸብ አደረጉኝ።

«ምን አልሻቸው?» አልኳት።

«ከራሱ ጋር ነው የተጣላው፣ እስከ መስቀል ይታረቃል አልኳቸው።»

ሰኔ ላይ ጋጣው አለቀ። ማገሩን በቃጫ አሰርኩ፣ ሣር ከደንኩ። ክዳኑ ወደ አንድ ጎን ትንሽ ያጋደለ ነበር፤ ይህም ኮፍያውን በኩራት እንደደፋ ሰው ያስመስለው ነበር። እመቤትን ይዤ በቀንድ አውጣው በር አዞርኳት፣ ገባች። አስካለ በዚያው ሰዓት ግማሽ ቤቷን ጠርጋ ለቀለቀች። ማታ ላይ ድንጋይ እግር ባለው አልጋችን ላይ ተኝተን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ሳያዛጋባት ጸለየች።

«እንዴት ነው?» አልኳት።

«መስቀል ይድረስ» አለች።

ዝናቡ ገባ። ሐምሌ በሰላም አለፈ። እኔም በመንገድ ያለፈውን ሁሉ እየጠራሁ ጋጣውን አስጎበኘሁ። ከቦኖሻ በርበሬ ይዘው የመጡ ነጋዴዎች ሳይቀሩ በቀንድ አውጣው በር አዙሬአቸዋለሁ።

ነሐሴ በገባ በሳምንቱ እመቤትን ላወጣ ስሄድ፣ ከበሩ አጠገብ ያለው ቋሚ ላይ አንድ ነገር አየሁ። አረንጓዴ ነው። ትንሽ ነው። ሐረግ ተጠግቶበት ነው ብዬ ጎተትኩት፤ ቋሚው ራሱ አብሮ ተወዛወዘ። ሐረግ አልነበረም። ቋሚዬ ቅጠል አውጥቷል።

ቢላዋ አምጥቼ ቆረጥኩት፤ ማንም አላየም። በማግስቱ በዚያው ቦታ ሁለት በቀሉ። በሦስተኛው ቀን ጎረቤቱ ቋሚም ጀመረ። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት፣ አስካለ ከመነሣቷ በፊት፣ ጋጣዬን ዞሬ እላጭ ነበር። ለራሴ ጢም የማልጨነቀውን ያህል ለጋጣው ተጨነቅሁ። አንድ ቀን ጉንፋን ይዞኝ ሁለት ቀን ሳልላጨው ቀረሁ። ስነሣ ሠላሳው ቋሚ ሁሉ ለምልሟል፤ ቅርንጫፉ በማገሩ መካከል ወጥቶ፣ ከላይ ክዳኑን በስቶ፣ ኮፍያው ላይ ላባ ሰክቷል።

«ጌታዬ፣ ጋጣው አማረበት» አለች አስካለ ከበስተኋላዬ።

«ጥላ እንዲሆናት ብዬ ነው» አልኩ።

«እሺ» አለች እንደገና በአንድ ቃል።

ጥላው እመቤትን ደስ ያላት እንደ ምግብ ነው። ቤቷን መብላት ጀመረች። መጀመሪያ የደረሰችበትን ቅጠል፣ ከዚያ ያልደረሰችበትን ለመድረስ አንገቷን በማገሩ መካከል እያስገባች። እውነት ለመናገር እንደዚያ ወር አምሮባትም ወፍራም አታውቅም። ለመስቀል ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ማለዳ ላይ፣ ጣፋጩ ቅጠል ከወዲያ በኩል ኖሮ አንገቷን አስገብታ ጎተተች። ቃጫው ተበጠሰ፣ ማገሩ ተነቀለ፣ ያ በኩራት ያጋደለው ክዳን እስከ መጨረሻው አጋደለ።

እመቤት ማገሩን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች በተከፈተው የቤታችን በር ሰተት ብላ ገባች። በር ለመዝጋት ሁለት እጅ እንደሚያስፈልግ ነግሬአችኋለሁ። አስካለ አዲስ በለቀለቀችው ወለል ላይ፣ በአሥራ አንድ ዓመት ቦታዋ፣ ቆመች። ከዚያም አዛጋች።

የአስካለ ድምፅ ዝቅ ከማለት አልፎ ጠፍቷል። ጓዳ ገብታ አንድ ትልቅ ጨርቅ ዘረጋች፣ ነገር ታመጣለች፣ ትከምራለች፣ ታስራለች። ጀርባዋን ሰጥታኝ ስለነበር የምታስረውን አላየሁም። ጫማዋን አደረገች። ነጠላዋን አጣፋች።

«አስካልዬ...»

«ሞርሲቶ እስኪመሽ እደርሳለሁ። እህቴ ስትመጣ እመቤት ትቀበላታለች።»

ያን ጊዜ ነው ቀልዱ ከፊቴ የጠፋው። ይህች ሴት ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በሩን በሁለት እጇ እያነሣች ወጥታ በሁለት እጇ እያነሣች ገብታለች። አሁን ከወጣች በኋላ በሩን ማንሣት ያለብኝ እኔ ነኝ፤ ለዚያውም ለማን?

ወደ ደጅ ሮጥኩ። መሮጤን ሳልደብቅ ልናገር። ከአጥሩ ውጭ፣ ሣሩ ላይ፣ ላምቦሬ ከእነዚያው ሦስት ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጧል። ያኔ አጋጣሚ ነው ብዬ አሰብኩ።

«ደህና አደሩ ጌታው።»

«ደህና ላምቦሬ። ዝናቡስ?»

«አቆመ።»

«ከብቶቹስ?»

«ደህና ናቸው። የእርስዎ በቅሎስ?»

«ደህና ናት።»

«አዎ። ሐብል አድርጋ ስትገባ አየናት።»

ማለት ያለብኝ ቃል ሁለት ብቻ ነበር፤ «ኑ» እና «እርዱኝ»። የመጀመሪያው እስከ ምላሴ ጫፍ መጣ። ሁለተኛው ግን የዚያን የጥድ ቋሚ ያህል ከበደ፤ ወደ ኋላ ጎተተኝ።

ላምቦሬ ሣር እየነጨ፣ ሳያየኝ ተናገረ። «ጌታው፣ በድሮው ጊዜ ሲጠሩን ወደድንም ጠላንም መጣን። ይሄንን ቤት እኔ ነኝ የከደንኩት፤ ጥላ ይዘው ቆመው ነበር። አሁን ማንም ሳያዝዘን፣ ወደን እንምጣ አልን። አሁን ደግሞ አይጠሩንም።»

ይህን ለመረዳት ማታና ትራስ አላስፈለገኝም።

«ላምቦሬ» አልኩ።

«አቤት ጌታው።»

«እስቲ ኑና... እዩኝ።»

«ምን ሲያደርጉ?»

«ስሠራ። ኑና ስሠራ እዩኝ።»

ላምቦሬ ለሽማግሌዎቹ ተረጎመ። ትልቁ ሽማግሌ ፊታቸውን ሳይፈቱ አንድ ነገር ጠየቁ።

«ምን አሉ?»

«ለማየት መጥረቢያ ይዘን እንምጣ ወይ? ይላሉ።»

«መጥረቢያ... ቢይዙ አይከፋም» አልኩ።

ላምቦሬ ተነሥቶ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ወደ ቁልቁለቱ አንድ ጊዜ ተጣራ። ሁለተኛ አልተጣራም። ከየአጥሩ ሰው ወጣ። ቃጫ የያዘ፣ ሣር የተሸከመ፣ መቆፈሪያ ያነገበ። ከላምቦሬ ግቢ ደግሞ የጥድ ቋሚ በሁለት በሁለት ሰው ትከሻ መውጣት ጀመረ፤ የተላጠ፣ የደረቀ፣ እኩል እኩል የተቆረጠ።

«ይሄ ሁሉ እንጨት መቼ ተቆረጠ?»

«እርስዎ ኮርቹን የተከሉ ቀን» አለ ላምቦሬ። «እርጥብ ጥድ ጥሩ አይደለም። እስከ መስቀል ይደርቃል አልን።»

ከዚያ አንዱን ቋሚዬን በጥፍሩ ፋቀው። ከቅርፊቱ ሥር አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። «አዩ ጌታው? ይሄ እንጨት አልሞተም። ለአጥር እንተክለዋለን፤ ቶሎ ያድጋል። ልጅም ያውቃል» አለና፣ እንዳይከፋኝ ብሎ ጨመረ፤ «አተካከሉ ግን በጣም ጥሩ ነው። አንድም አልደረቀም።»

ይህን ምስጋና እስከ ዛሬ ይዤዋለሁ። ከሠላሳ አንድም አልደረቀም። የአገሩ ተወላጅ እንኳ ከአሥር ሁለት ይደርቅበታል።

አዲሱ ጋጣ ኮርቹ መካከል፣ በእውነተኛ ክብ፣ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተሠርቶ አለቀ። እኔም ቃል እንደገባሁት እንዲያዩኝ አደረግሁ። ቃጫ አቀብል ነበር። አንዴ ማገር ይዣለሁ።

ሥራው ሊያልቅ ሲል አስካለ ያን የታሰረውን ጨርቅ ይዛ ከቤት ወጣች። ሰዉ መካከል መጣች፣ ሣሩ ላይ አስቀመጠችው፣ ፈታችው። ቆጮ ነው፤ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ፣ አይብ ከጎኑ፣ ቅቤ በቅል። ለሃያ ሰው የሚበቃ።

«ይህን ነው ወደ ሞርሲቶ ይዘሽ ልትሄጂ የነበረው?» አልኳት ቀስ ብዬ።

«ያኔ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ነው የተነጋገርነው። እርስዎ እስከ መስቀል ከጠሯቸው የሠራተኛ ምሳ ነው ብዬ አዘጋጀሁት።»

«ባልጠራስ ኖሮ?»

አስካለ የአይቡን ሳህን ለላምቦሬ አቀበለችና ዞራ አየችኝ። «ባይጠሩ ኖሮ ስንቄ ነበራ።»

ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። አልሳቀችም። እኔም አልሳቅሁም፤ ቆጮዬን ተቀብዬ በላሁ።

እህቷ ለመስቀል ዋዜማ ከነባሏ መጣች። ከቤቱና ከግቢው ሁሉ ዓይኗን የሳበው በአዲሱ ጋጣ ዙሪያ የቆመው ለምለም ቀንድ አውጣ አጥር ነበር። «ይህን የመሰለ አጥር በአዲስ አበባም አላየሁ፤ ማን ተከለው?» ብላ ጠየቀች።

«እኔ፣ ብቻዬን» አልኩ። ይህ እውነት ነው። አስካለም እውነት ስለሆነ ዝም አለች፤ እመቤት ግን ከወዲያ አዛጋች።

ከመስቀል በኋላ ጎረቤት ሁሉ እየመጣ ከጋጣዬ ቅርንጫፍ ለዘር ይቆርጥ ጀመር። ዛሬ ወደ ሌሞ ስትወርዱ በመንገዱ ግራና ቀኝ የምታዩት የኮርች አጥር በሙሉ የኔ ጋጣ ልጅና የልጅ ልጅ ነው። ያላመነ ላምቦሬን ይጠይቅ፤ አጭር መልስ ይሰጠዋል።

ባለፈው ሰኞ በሩን ልጠግን ተነሣሁ። አዲስ ሳንቃ፣ አዲስ መቃን፤ ሁሉን አሰብኩበት። መጀመሪያ ግን ወደ አጥሩ ሄጄ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«ላምቦሬ! በር ልሠራ ነው። ናና እየኝ!»

ላምቦሬ መጥረቢያውን ይዞ መጣ። አስካለ ደግሞ ከቤት ወጥታ፣ ማንንም ሳታናግር፣ ለመቃን ያመጣሁትን እንጨት አንድ በአንድ በጥፍሯ ፋቀችው።